የቢሮ መድን እያለን የሙያ ኃላፊነት መድን ለምን ያስፈልገናል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ከሁለት አጋሮቼ ጋር አነስተኛ የምህንድስና አማካሪ ድርጅት እንመራለን። በጠቅላላው ዘጠኝ ሰው ነን። ዲዛይን እንሠራለን፣ ግንባታም እንቆጣጠራለን። ለቢሮውና ለዕቃው መድን አለን። የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት መድንም አለን። አሁን አንድ ትልቅ ደንበኛ የሙያ ኃላፊነት መድን ካላቀረባችሁ አልፈርምም አለን። ያለን አይበቃም ወይ? ካልበቃ ምን ያህል እንግዛ? ደግሞስ ሥራውን ካስረከብን በኋላ ማቋረጥ እንችላለን?»

ሦስት ነገር ነው የጠየቁት። የመጀመሪያው መልሱ አጭር ነው፦ አይበቃም። ሁለተኛው ትንሽ ስሌት ይፈልጋል። ሦስተኛውን እግረ መንገድዎን ጣል ያደረጉት ይመስላል፣ ዋናው ግን እሱ ነው። ብዙ ድርጅት ለዓመታት አረቦን ከፍሎ ባዶ እጁን የሚቀረው እዚያ ላይ ነው።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ያላችሁ የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት መድን የሚያስበው ስለ ሰው አካልና ስለ ንብረት ነው። እንግዳ ቢሯችሁ ውስጥ ገመድ ጠልፎት እጁ ቢሰበር ይከፍላል። ሠራተኛችሁ ሳይት ላይ መሣሪያ ጥሎ የሰው መኪና መስታወት ቢሰብር ይከፍላል። የምሰሶ ብረት በስሌት ስህተት አሳንሳችሁ ጽፋችሁ፣ ደንበኛው አፍርሶ እንደገና ቢሠራ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚህ የተጎዳ ሰው የለም። የወደቀ ነገርም የለም። ያለው ድጋሚ ወጪ፣ የዘገየ ሥራና ደንበኛው ያጣው ገቢ ነው። በዚያ ላይ አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ፖሊሲዎች ከሙያ አገልግሎት የመነጨን ኃላፊነት በግልጽ ያስወጣሉ። ከማይሸፈኑት ዝርዝር ውስጥ ፈልጉት፣ ታገኙታላችሁ። ይህን ክፍተት የሚሞላው የሙያ ኃላፊነት መድን ነው።

«ሐሳብ ብቻ ሰጥቼ እንዴት እከሰሳለሁ?» የሚል ባለሙያ አሁንም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1963 የእንግሊዝ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ሄድሊ በርን እና ሄለር በሚባለው ክርክር ይህን ጥያቄ ዘግቶታል። ሄድሊ በርን የማስታወቂያ ሥራ ድርጅት ነበር። የአንድ ደንበኛውን የገንዘብ አቅም ለማወቅ በራሱ ባንክ በኩል የደንበኛውን ባንክ፣ ሄለርን፣ አስጠየቀ። ያኛው ባንክ ደህና ነው የሚል መልስ ሰጠ። ደንበኛው ከሰረ፤ ድርጅቱም ወደ 17 ሺህ ፓውንድ አጣ። በድርጅቱና መልሱን በሰጠው ባንክ መካከል ውል የሚባል ነገር አልነበረም። ዳኞቹ ግን በሙያው የሚታመን ሰው በግዴለሽነት የሰጠው ቃል፣ ያን ቃል ይዞ ለተጎዳው ሰው ተጠያቂ ሊያደርገው ይችላል አሉ። ባንኩ በመጨረሻ ያመለጠው መልሱ ላይ «ያለ ኃላፊነት» የሚል ቃል አስገብቶ ስለነበር ነው። ይቺን ነገር ያዟት፣ ስለ ውል ስናወራ ትጠቅመናለች።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ። የመኪና መድን የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። መኪና ሲጋጭ የሚታየው የተጋጨበት ቀን ነው። በዚያ ቀን ፖሊሲ ካለ፣ የካሳ ጥያቄው ዘግይቶ ቢመጣም ጉዳዩ ወደዚያው ፖሊሲ ይሄዳል። የሙያ ኃላፊነት መድን በአብዛኛው እንዲህ አይሠራም። እሱ የሚያየው ካሳ የተጠየቃችሁበትን ቀን ነው፤ በሙያው ሰፈር ክሌምስ ሜድ ይሉታል። በዚያ ቀን በሥራ ላይ ያለ ፖሊሲ ከሌለ፣ ስህተቱ በተሠራበት ዓመት አረቦን መክፈላችሁ አያድናችሁም።

እንበልና ሥዕሉን እ.ኤ.አ. በ2023 አስረከባችሁ። በ2023 እና በ2024 ፖሊሲ ነበራችሁ። ግንባታው አለቀ፣ ደንበኛው ረካ፣ እናንተም ለ2025 ሳታድሱ ተዋችሁት። በ2026 ወለሉ ላይ ስንጥቅ ታየና የደንበኛው ጠበቃ ደብዳቤ ጻፈ። ይህን ደብዳቤ የሚቀበል ፖሊሲ የለም። የ2023ቱ ጊዜው አልፏል። የዚያኑ ዕለት ሮጣችሁ አዲስ ብትገዙም፣ ስትገዙ የምታውቁትን ችግር የሚያስገባ መድን ሰጪ የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ስለዚህ ማቋረጥ አይቻልም ወይ? መብታችሁ ነው፣ ግን ያለፈው ሥራችሁ ሁሉ በዚያው ቀን ራቁቱን ይቀራል። ድርጅቱ እየሠራ እስካለ ድረስ በየዓመቱ ሳይቋረጥ ማደስ ነው መንገዱ። ድርጅቱ ሲዘጋ፣ ወይም ከሌላ ጋር ሲቀላቀል፣ ራን ኦፍ የሚባል ሽፋን ይገዛል። እሱ አዲስ ሥራን አይሸፍንም፤ በድሮ ሥራ ላይ ወደፊት የሚመጣን ጥያቄ ብቻ ይጠብቃል። ለስንት ዓመት የሚለው በአገሩ የይርጋ ሕግ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበትን ጊዜ በሚገድበው ሕግ፣ ይወሰናል። በእንግሊዝ ለተራ ውል 6 ዓመት፣ ዲድ ለሚባለው የተለየ የውል ዓይነት 12 ዓመት ነው። በፈረንሳይ የገንቢና የአርክቴክት ኃላፊነት ሥራው ከተረከበ በኋላ 10 ዓመት ይከተላል። የሚሠሩበትን አገር ቁጥር ከጠበቃ ይጠይቁና ሽፋኑን በዚያ ልክ ያስቡ። ከሦስታችሁ አንዱ ጡረታ ቢወጣም ነገሩ ይመለከተዋል። ፖሊሲው የቀድሞ አጋሮችን ይሸፍን እንደሆነ በጽሑፍ ያረጋግጥ።

ሌላም ቀን አለ። ሼጁል የሚባለው የፖሊሲው ገጽ ላይ ሬትሮአክቲቭ ዴት የሚል መስመር ታያላችሁ። ከዚያ ቀን በፊት የተሠራ ሥራ አይሸፈንም ማለት ነው። የእናንተ ድርጅት አሁን ገና መግዛቱ ስለሆነ መድን ሰጪው ፖሊሲው የሚጀምርበትን ቀን ሊጽፍላችሁ ይችላል። ያኔ እስከ ዛሬ ያስረከባችሁት ሁሉ ውጭ ነው። ከቻላችሁ ድርጅቱ እስከተመሠረተበት ቀን ድረስ ወደኋላ እንዲሄድ ተደራደሩ። ተጨማሪ አረቦን ሊጠየቅበት ይችላል፣ ግን እኔ ብሆን ሌላ ነገር ቀንሼም ቢሆን እከፍለዋለሁ። ወደፊት መድን ድርጅት ስትቀይሩ ደግሞ ይህ ቀን እንዳይንሸራተት። ርካሽ ዋጋ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው እዚህ መስመር ላይ ነው። አንዳንዴ ርካሽ የሆነው ያለፉትን ዓመታት ቆርጦ ስለጣለ ነው።

ከቀኑ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ልጨምር፣ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። አብዛኛው የካሳ ጥያቄ ክስ ተብሎ አይመጣም። በኢሜይል ነው የሚመጣ፣ ያውም በጨዋ ቋንቋ። «የላካችሁት ሥዕል ከሳይቱ ጋር አልገጠመም። ተቋራጩ ሁለት ሳምንት ቆሟል። ይህ የሚያስከትለውን ወጪ በኋላ እንነጋገርበታለን።» በቃ ይሄው ነው። ካሳ የሚል ቃል የለበትም። ሥዕሉን የሠራው ወጣት መሐንዲስ ይደነግጥና «ይቅርታ፣ ስህተቱ የኛ ነው፣ ወጪውን እንችላለን» ብሎ ይመልሳል። ቅን ልጅ ነው። ግን በአንዲት መስመር ሁለት ነገር አበላሸ። አንደኛ፣ መድን ሰጪው ሳይፈቅድ ጥፋት አመነ፣ ክፍያም ቃል ገባ። ፖሊሲዎቹ ይህን ይከለክላሉ፤ በዚህ ምክንያት ሽፋን ሊያከራክር ይችላል። ሁለተኛ፣ ኢሜይሉ እሱ ጋ ቀረ። አለቃው አላወቀ፣ ብሮከሩ፣ ማለትም መድኑን ያገናኛችሁ ደላላ፣ አላወቀ። ዓመቱ ዞሮ ፖሊሲው ታደሰ። ክሱ ሲመጣ የአዲሱ ዓመት መድን ሰጪ «ይህን ጉዳይ ከማደሳችሁ በፊት ታውቁት ነበር» ይላል። ያለፈው ዓመት መድን ሰጪ ደግሞ «በጊዜው አልነገራችሁኝም» ይላል። በሁለቱ መሀል የምትቀሩት እናንተ ናችሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ዲሲፕሊን ግን ይፈልጋል። ፖሊሲዎቹ ወደ ካሳ ሊያመራ የሚችል ሁኔታን ገና ክስ ሳይሆን እንድታሳውቁ ይፈቅዳሉ፣ ብዙዎቹም ያስገድዳሉ። በጊዜው ካሳወቃችሁ ክሱ ከሁለት ዓመት በኋላ ቢመጣም ባሳወቃችሁበት ዓመት ፖሊሲ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ቅሬታ የሚሸት ኢሜይል የደረሰው ሠራተኛ ሁሉ ለአንድ የታወቀ ሰው በዕለቱ ያስተላልፍ። መልሱም «ደርሶናል፣ አጣርተን እንመለሳለን» ብቻ ይሁን። ፖሊሲው ከመታደሱ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ደግሞ ዘጠኛችሁንም አንድ በአንድ ጠይቁ፦ ያልረካ ደንበኛ፣ የተያዘ ክፍያ፣ የሚያሳስብ ሥራ አለ ወይ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ሰው በቃል ሲጠየቅ «ምንም የለም» ይላል፤ ጻፍ ሲሉት ነው የሚያስታውሰው።

ይህ ጥያቄ መድን ለመግዛት ለሚሞላው የፕሮፖዛል ፎርምም ያስፈልጋችኋል። ፎርሙ ላይ የምትጽፉት የውሉ መሠረት ነው። መድን ገቢ የሚያውቀውን ወሳኝ ነገር መደበቅ የለበትም የሚለው ሕግ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1766 ዳኛ ማንስፊልድ ካርተር እና ቦህም በተባለው ጉዳይ አስፍሮታል። የሚገርመው ክርክሩ ስለ ዕቃ አልነበረም፤ ሱማትራ ደሴት ላይ የነበረ ምሽግ በጠላት እንዳይያዝ የተገባ መድን ነበር። ድሮ አንድ ወሳኝ ነገር ከተደበቀ መድን ሰጪው ውሉን ከነጭራሹ ማፍረስ ይችል ነበር። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው የመድን ሕግ ይህን አለዝባለች። ሆን ተብሎ ወይም በማንአለብኝነት ካልሆነ፣ መድን ሰጪው እውነቱን ቢያውቅ ኖሮ በሚያደርገው ልክ ነው ክፍያው የሚስተካከለው። ሁሉም አገር ግን እንዲህ አይራራም። ስለዚህ ፎርሙን ለጸሐፊ ሰጥታችሁ አትተዉት። አጋሮቹ ራሳችሁ ተቀምጣችሁ ሙሉት።

ስንት እንግዛ ወደሚለው እንምጣ። ብዙ ሰው ከሚያገኘው ክፍያ ተነስቶ ያሰላል። ስህተት ነው። ለዲዛይኑ የሚከፈላችሁ ትንሽ ሊሆን ይችላል፣ በእሱ ላይ የሚቆመው ሕንፃ ግን ትልቅ ነው። መነሻው «ከሠራናቸው ሁሉ በጣም የከፋው ስህተት ምን ያህል ያስወጣል?» የሚል ይሁን። አንድ መሠረት ተቆፍሮ ቢጠገን፣ ሥራው ስድስት ወር ቢቆም፣ ደንበኛው በዚያ ጊዜ ማግኘት የነበረበት ገቢ ቢቀር ድምሩ ስንት ነው? ደንበኛው የጠየቀው መጠን ዝቅተኛው ነው እንጂ ለእናንተ የሚበቃው ላይሆን ይችላል።

ከቁጥሩ እኩል የቁጥሩ ዓይነት ይታይ። መድን ሰጪው የሚከፍለው ጣሪያ 100 ነው ብንል፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ 100 ነው ወይስ ለዓመቱ በሙሉ 100? በዓመቱ ከሆነ የመጀመሪያው ጥያቄ 70 ከበላ ለሁለተኛው 30 ብቻ ቀረ። የጠበቃና የባለሙያ ምስክር ወጪስ ከጣሪያው ውስጥ ነው ወይስ ከላይ? ውስጥ ከሆነ ክርክሩ በረዘመ ቁጥር ለካሳ የሚቀረው ያንሳል። 25 ለክርክር ከወጣ ለደንበኛው 75 ነው የቀረው፤ ከዚያ በላይ የሚፈረደው ከኪሳችሁ ነው። የምህንድስና ክርክር ደግሞ አጭር አይደለም፤ ሁለቱም ወገን የየራሱን ባለሙያ ያቆማል። ኤክሰሱንም፣ ማለትም መጀመሪያ ራሳችሁ የምትችሉትን ድርሻ፣ እዩት። አረቦን ለመቀነስ ኤክሰሱን ከፍ ማድረግ ጥሩ ዘዴ ነው፤ በአንድ ዓመት ሁለቴ ቢመጣ ደመወዝ ሳታቋርጡ ልትከፍሉት የምትችሉት ከሆነ ብቻ።

አሁን ደንበኛው የላከላችሁን ውል አውጡት። እውነቱን ለመናገር ከፖሊሲው ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። የሙያ ኃላፊነት መድን የሚሸፍነው አንድ በቂ ባለሙያ ሊያደርገው የሚገባውን ጥንቃቄ ሳታደርጉ ስትቀሩ ነው። ውሉ ላይ «አማካሪው ሕንፃው ለታሰበለት ዓላማ ፍጹም ብቁ እንደሚሆን ዋስትና ይሰጣል» የሚል ካለ፣ ምንም ሳታጠፉም ተጠያቂ ሆናችሁ። ሕግ ያልጣለባችሁን፣ እናንተ በፊርማችሁ የተሸከማችሁትን ኃላፊነት ደግሞ ፖሊሲው በአብዛኛው አይቀበልም። ለዘገየ ቀን ሁሉ የሚቆጠር የውል መቀጮም እንዲሁ። እነዚህን አንቀጾች «በሙያው የሚጠበቀውን ተገቢ ክህሎትና ጥንቃቄ ያደርጋል» በሚል እንዲተኩ ጠይቁ። የምትጠየቁበት ጣሪያም ይቀመጥ፤ ከመድን ሽፋናችሁ እንዳይበልጥ ሆኖ። የሄለር ባንክ የዳነው በአንድ ቃል ነው ብያለሁ። የዛሬ ሕጎች እንዲህ ያለውን ቃል በየአገሩ ይገድቡታል፣ ተመጣጣኝ ሆኖ በሁለት ድርጅቶች መካከል የተደረገ ጣሪያ ግን ብዙ ቦታ ይጸናል። ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ለብሮከሩ ላኩትና «የትኛው አንቀጽ ከሽፋን ያስወጣናል?» በሉት። ጥሩ ብሮከር ይህን ይሠራል። ካልሠራ ሌላ ፈልጉ።

ማጭበርበርም አይሸፈንም፣ የታወቀ ነው። ግን ሦስት አጋሮች ናችሁና አንዱ ቢያጭበረብር ሌሎቹ ምን ይሆናሉ? ንጹሐኑን አጋሮች የሚጠብቅ አንቀጽ መኖሩን ጠይቁ። የአፈር ምርመራውን ወይም የኤሌክትሪክ ሥዕሉን ለውጭ ሰው የምትሰጡ ከሆነም ለደንበኛው ተጠያቂዎቹ እናንተው ናችሁ። ፖሊሲያችሁ በንዑስ አማካሪ ስህተት እናንተ ላይ የሚመጣውን ኃላፊነት መሸፈኑን አረጋግጡ፤ ከዚያ ሰውም የራሱን የመድን ማረጋገጫ ተቀበሉ። መድን ሰጪው ለእናንተ ከከፈለ በኋላ ወደ እሱ ዞሮ ሊጠይቀው ይችላል። «እሱን አናስጠይቅም» ብላችሁ አስቀድማችሁ ከፈረማችሁ ያንን መብት ስለምትዘጉበት ከእናንተ ጋር ይጣላል።

ሌሎቹን ሽፋኖች በአጭሩ ልለፋቸው። የቢሮ ንብረት መድኑ ይቆይ፣ ግን ከእሳት በኋላ ሥራ ሲቆም የሚቀረውን ገቢ የሚተካው የሥራ መቋረጥ ሽፋን የተጨመረበት መሆኑን እዩ። ሠራተኛ ሳይት ላይ ቢጎዳ የሚሸፍነው የሠራተኞች ጉዳት መድን ነው፤ ብዙ ቦታ ግዴታ ነው። የሳይበር መድንን ለአማካሪ ድርጅት ቅንጦት አድርጋችሁ አትዩት። የደንበኛ ሰነድ ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ነው ያለው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ሌባ በተቋራጭ ስም ኢሜይል ልኮ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» ቢልና ሒሳብ ሠራተኛችሁ አምኖ ቢልክ፣ ገንዘቡን በገዛ እጃችሁ ስለላካችሁት አንዳንድ የሳይበር ፖሊሲ አይከፍልም። ለይታችሁ ጠይቁ።

የቀረችው ደንበኛው ራሱ የሚያነሳት ነገር ናት። ትልቅ ደንበኛ «ስማችን ፖሊሲያችሁ ላይ ተጨማሪ መድን ገቢ ሆኖ ይግባ» ማለት ይወዳል። በሦስተኛ ወገን ኃላፊነት መድን ላይ የተለመደ ነው፣ እሺ በሉት። በሙያ ኃላፊነት መድን ላይ ግን ለራሱም አይበጀውም። ብዙዎቹ ፖሊሲዎች አንዱ መድን ገቢ ሌላውን መድን ገቢ ቢከስ አንከፍልም ይላሉ። ስሙ ከገባ እናንተን የሚከስበትን መንገድ በገዛ እጁ ሊዘጋ ይችላል። ይህን አስረዱትና በምትኩ የሽፋኑን መጠን፣ የሚያልቅበትን ቀንና ወደኋላ የሚሄድበትን ቀን የያዘ ማረጋገጫ ከመድን ሰጪው አምጡለት። «ሥራው ካለቀ በኋላ ለዚህን ያህል ዓመት ሽፋኑን ታቆያላችሁ» የሚል አንቀጽ ካለ ደግሞ «በገበያው ላይ በተመጣጣኝ አረቦን እስከተገኘ ድረስ» የሚል ሐረግ አስገቡበት፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚፈረመው።